ዘጠኝ ክንድ የሆነው አያቴ

በእኛ ጊዜ ሰው የሚለካው በምግባሩ ነበር ብዬ ብጀምርላችሁ ደስ ባላችሁ ነበር፤ ግን የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተቀምጬ፣ የሰንበቴ ጠላ በእጄ ይዤ አልዋሽም። በእኛም ጊዜ ሰው የሚለካው በቁመቱ ነበር። ምስክሩ እኔ ነኝ። እዩኝ እስቲ፤ ቆሜ ነው ተቀምጬ የማወራችሁ? አየሽ ብርቱካን፣ አንቺ የልጄ ልጅ ሆነሽ እንኳ ለመመለስ አሰብሽ። ተቀምጬ ነው። ብቆምም ብዙ ለውጥ የለውም።

ታዲያ በጎረምሳነቴ አያትሽን፣ የሺን ላገባ ሽማግሌ ስልክ፣ አባቷ ነፍሱን ይማረውና ሽማግሌዎቹን ተቀብሎ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ «ልጁስ መልካም ነው፤ ግን የቀረው መቼ ይመጣል?» አለ አሉ። የቀረው! እና ይሄ ነገር ሠርጌ ላይ ተወራ፣ ልጄን ክርስትና ሳስነሳ ተወራ፣ እስካሁንም ይወራል። እኔም ችዬ ኖርሁ። የማልችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ መኮንን። መኮንንን ታውቁታላችሁ፣ ማሳው ከማሳዬ ይዋሰናል፣ በር ሲገባ የሚያጎነብሰው። ዛሬ ደብረ ታቦር ልጁ ዘንድ ሄዶ ነው እንጂ እዚህ ቢኖር ኖሮ ነገሬን እያቋረጠ አያስወራኝም ነበር።

ታዲያ አንድ እሑድ መምሬ ጥሩነህ፣ የደብራችን ቄስ፣ መጽሐፍ አዋቂ ናቸው፣ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ረዓይት አስተማሩ። ረዓይት ማለት እነዚያ የጥንት ግዙፎች ናቸው፣ ከጥፋት ውኃ በፊት ምድርን ያስጨነቁት፣ በኋላም በከነዓን አገር የዔናቅ ልጆች ተብለው የታዩት። «ሙሴ ሰላይ ላከ» አሉ መምሬ፣ «ሰላዮቹም የዔናቅን ልጆች አይተው ደነገጡ፤ እኛ እነሱ ፊት እንደ አንበጣ ነን ብለው ተመለሱ።» ታዲያ መምሬ ይህን ሲሉ መኮንን ከፊት ቆሞ ነበር፣ አንገቱን መለሰና የሦስት ረድፍ ሰው ከላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። አስቡት፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ! መጽሐፉ አንበጣ ነው ያለው፤ መኮንን ግን ለኔ አንበጣም በዛበት መሰለኝ ፌንጣ አደረገኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ገብስ ሳጭድ እሱ ከድንበሩ ማዶ ሆኖ፣ «ፌንጣ! ገብሱ ውስጥ ነህ? እስቲ ብቅ በል፣ ጅብ በልቶህ ይሆን ብዬ ሰጋሁ!» ይላል። ደቦው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን አይስቅም ነበር።

እንግዲህ ይሄን ያዙልኝ። ደግሞ ሌላም ያዙልኝ። እኔ ያለኝ ማሳ አንድ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከገደሉ አፋፍ በላይ ያለችው። ጓሮ አለኝ፣ ለጎመንና ለድንች የምትሆን። የዓመት ቀለባችን ግን ከዚያች ማሳ የሚወጣው ገብስ ነው። ያቺን ማሳ አንድ ክረምት ጦሟን ካሳደርኋት እኔና የሺ የሰው ደጅ ነን።

ታዲያ የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ ግንቦት ወጥቶ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ማሳዬን ሦስቴ አርሼ ጨርሼ ጎርፉ የሚወርድበትን ፈሰስ ልጠርግ ወረድሁ። አፋፉ ጋ ስቆፍር ዶማዬ ቋ! አለ። ድንጋይ ነው ብዬ ብፈነቅለው አጥንት። እና እንዴት ያለ አጥንት መሰላችሁ! የጭን አጥንት፣ የወፈረ፣ ጫፉ ድብልብል ያለ። በሬ አይደለም፤ የበሬ አጥንት አውቃለሁ። ፈረስም አይደለም። ከጭኔ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አየሁት፣ ጭኔ አፈረ። ታዲያ እንዲህ ይዤው ቁጭ ብዬ እያየሁት ሳለ ከላይ ድምፅ መጣ፣ «ፌንጣ! ምን አገኘህ? የእናትህን ጉልቻ ነው?»

መኮንን ነው። ልጆቼ፣ እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ፌንጣ ሲባል ኖሮ፣ በገዛ ማሳው ላይ እንዲህ ያለ ጭን አግኝቶ፣ ሰዳቢው በላዩ ቢቆምበት? አፌ ከኔ ቀድሞ ተናገረ።

«አያቴን ነው ያገኘሁት» አልሁት።

«ማንን?»

«አያቴን። ይህን መሬት ያቀናውን። እኛ ከዔናቅ ልጆች ነን።»

መኮንን ወረደ። አጥንቱን አየ። እኔን አየ። እንደገና አጥንቱን አየ። «ይሄ አያትህ ከሆነ» አለ፣ «አንተ ታዲያ ምን ነካህ?»

«እየቆየን ነው ያለቅነው» አልሁት።

እና መኮንን አልሳቀም። የመጀመሪያ ቀን ነው ያልሳቀው። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ ባበቃ ነበር።

እኔ ግን «ካላመንህ መምሬ ይመስክሩ» አልሁና መምሬ ጥሩነህ ተጠሩ። መጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አገላብጠው አዩት። «ይለካ» አሉ። በማን ክንድ ይለካ ተባለ። መኮንን «በኔ» አለ። መምሬ ግን፣ «የለም፣ ያገኘው ሰው ነው የሚለካው፤ ባለቤት ነው» አሉ። እኔም ለካሁ። ክንድ፣ ታውቃላችሁ፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ነው። የኔ ክንድ እስከ ጣቴ ጫፍም ተሄዶ ይቺው ናት። እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ፣ ጣቴን ጭብጥ አድርጌ ለካሁት። ሁለት ክንድ ሞላ!

መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰሉ። «የሰው ጭን የቁመቱ ሩብ ነው። ሁለት ክንድ ጭን ካለው ሰውየው ስምንት ክንድ ነው። ከእነዚሁ ግዙፎች ወገን የነበረው የባሳን ንጉሥ የዐግ የብረት አልጋ ደግሞ ዘጠኝ ክንድ ነው።»

«አንድ ክንድ ጎደለ» አለ መኮንን።

«ትራስ የለውም እንዴ?» አሉ መምሬ ተቆጥተው።

ትራሱም ተቆጠረና አያቴ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ዘጠኝ ክንድ ሆነ። ታዲያ መኮንን እልኸኛ ነው፣ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፣ «መምሬ፣ እነዚያ እኮ ከነዓን አገር ነው የነበሩት፤ እዚህ ቀጨሞ ጊዮርጊስ ምን ሊሠሩ መጡ?» አለ። መምሬም፣ «አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ ጥቂቶች ግን ጌት በሚባል አገር እንደቀሩ ተጽፏል፤ ጎልያድም የጌት ሰው ነው» አሉ። «ከጌት እዚህ ድረስ በእግር?» አለ መኮንን። መምሬ አጥንቱን አነሱና አሳዩት። «በአንተ እግር ሩቅ ነው። በዚህ እግር ግን ምን አላት?»

ይኸው በዚህ ተዘጋ። እኔም ወደ ቤቴ ስመለስ በሬን ስገባ ጎንበስ አልሁ። አዎ ሳቁ። የሺም አይታኝ፣ «ምነው፣ ወገብህን አመመህ?» አለችኝ።

በሳምንቱ አገሩ ሁሉ የዔናቅ ዘር ሆነ። በፊት እኔን ከሩቅ የሚያየኝ ሰው፣ «አያ ድረስ፣ እኛ እኮ በአራተኛው ቤት እንገናኛለን» እያለ ይመጣል። በሦስተኛው ቤት የሚል አለ። ረጃጅሞቹ በቁመታቸው፣ አጫጭሮቹ በኔ ምስክርነት። በመጨረሻ ማን መጣ? መኮንን! «የእናቴ አባት ከእናንተ ወገን ነው ሲባል እሰማ ነበር፣ ግን ደብቀውን ኖሩ» አለኝ። አያችሁልኝ? ፌንጣ ያለኝ ሰው የአጎቴ ልጅ ሆኖ አረፈው።

ታዲያ ደግሞ አንዲት ሴትዮ መጣች፣ ልጇ አልረዝም ብሏት። አጥንቱን በቢላዋ ፋቅ ፋቅ አድርጋ በውኃ በጥብጣ ለልጁ አጠጣችው። ልጁ በነጋታው ረዘመ ተባለ። ማን ለካው? እሷ ናታ! ከዚያ በኋላማ አትጠይቁኝ። ጀሪካን ይዞ የማይመጣ የለም። ለልጅ የሚጠጣ፣ ለጉልበት የሚጠጣ፣ ለላም የሚያጠጣ። መምሬ መጀመሪያ ላይ፣ «ኧረ ሰዎች፣ እነዚህ ረዓይት እኮ የተረገሙ ናቸው፣ ቅዱሳን አይደሉም» ብለው ነበር። ሰው እየበዛ ሲሄድ ግን፣ «ይሄኛው በኋላ ንስሐ ሳይገባ አይቀርም» አሉ። እንዴት አወቁ ስላቸው፣ «እዚህ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መጥቶ መሞቱ በምን ይመስልሃል?» አሉኝ። ቤተ ክርስቲያኑ የተተከለው ትናንት በአባቴ ጊዜ ነው!

ምን አልሽ ብርቱካን? እኔም ጠጥቼ እንደሁ? ጠጣሁ እንጂ! ሰው ሁሉ የኔን አያት እየጠጣ እኔ ልቅር? በየማለዳው አንድ አንድ ዋንጫ። ምሰሶው ላይ በከሰል ምልክት አድርጌ እለካ ነበር። ሰባ ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፣ ግን ተስፋ መጥፎ ነገር ነው።

ታዲያ ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ሊቀ መንበራችን ጌጡ ልጅ ነው፣ ስብሰባ የሚወድ፣ ያለ ኮሚቴ ፊቱን የማይታጠብ። ሰባት ሰው አስከትሎ መጣ። አጥንቱ ላይ ቆሞ፣ «አያ ድረስ፣ ይህ ግኝት ከቱሪዝም አኳያ ሲታይ ከፍተኛ ነው። በመሆኑም ቦታው እንዲከለል አቅጣጫ ተቀምጧል» አለኝ። እኔ መቃብሯን ነው የሚያጥሩ ብዬ፣ «ደግ፣ ዘጠኝ ክንድ ትበቃችኋለች» አልሁ። ማታ ስመለስ ማሳዬ ጠቅላላው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ችካል ተተክሎበት ቀይና ነጭ ላስቲክ ተወጥሮበታል።

እየሮጥሁ ሄድሁ። «ልጄ ጌጡ፣ ምነው? ሰውየው አንድ ነው እኮ!»

«አያ ድረስ፣ ዘጠኝ ክንድ ሰው ያለ ሚስት ይኖራል?»

«ላያገባ ይችላላ!»

«አንቱ የልጅ ልጁ ነኝ ብለው የለም እንዴ? ካላገባ ከየት መጡ?»

እሱ ቀጠለ። «እንግዲህ ሚስቱ አጠገቡ ትኖራለች። ልጆች ይኖራሉ። ከብት ይኖረዋል። የነሱ ጊደር ብቻ ስንት ክንድ እንደምትሆን ያስቡት።»

«እኔስ ምን ልዝራ? ሰኔ ገባ እኮ! ሌላ መሬት የለኝም!»

«ምትክ መሬት ወደፊት የሚታይ ይሆናል» አለ። ይቺ «ወደፊት» የምትባለዋን ቃል አውቃታለሁ። እንደገና ለመንሁት። ሊቀ መንበሩም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ማዘን ብሎ፣ «አያ ድረስ፣ አያቴ ነው ያሉት አንቱ ነዎት፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል። አያትዎ ላይ ሞፈር ይነዱበታል?» አለኝ።

በገዛ አፌ ታሰርሁ። ዝናቡ መጣ፣ የሰው ማሳ ሁሉ ይዘራል፣ የኔ ላስቲኩ በንፋስ ይርገበገባል። መኮንን በድንበሩ ማዶ እየዘራ፣ «የአጎቴ ልጅ፣ ክብር ቀላል አይደለም» ይለኛል። የሺ ደግሞ ማታ ማታ ጎታውን በዱላ እየመታች ታሰማኛለች፣ ዶ፣ ዶ፣ ዶ፣ ባዶ። «በል ያያትህን ጭን ቀቅዬ ላቅርብልህ» ትለኛለች። አላስቀኝም ነበር። ፈርቼ ነበር፣ ልጆቼ፤ በእውነት ፈርቼ ነበር።

ታዲያ በቅዳሜ ገበያ ሐጂ ሰይድ መጣ። ሐጂ የእብናት ሰው ነው፣ ጨውና ጨርቅ የሚነግድ፣ እኩያዬ ነው፣ ከልጅነት ጀምሮ አንተ እንባባላለን። «እስቲ ያን ዘጠኝ ክንድ አያትህን አሳየኝ» አለኝ። ወሰድሁት። አጥንቱ ነጭ ነጠላ ተጎናጽፎ ተቀምጧል። ገልጦ አየው። ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ሳል ያዘው። ሳል ነው ብዬ ጀርባውን መታ መታ ሳደርገው ለካ ሳቅ ነው! ጥምጣሙ እስኪወልቅ ሳቀ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ እንባውን ጠረገና፣

«ድረስ፣ ይሄ እኮ ግመል ነው።»

«ምን?»

«ግመል! የግመል ጭን! በግመል መሀል ያደግሁ ሰው ነኝ፣ አሞሌ ጭነን ከቆላ ስንወጣ። እንዲያውም ይቺን አውቃታለሁ። አባቴ አንድ ክረምት ላይ በዚህ ዳገት ሲወጣ ጭቃው አዳልጧት ከዚህ አፋፍ የወደቀችበት ግመል አለች። ዘይቱና ትባል ነበር። አባቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ካላመንህ ከዚያ ወረድ ብለህ ቆፍር፣ መንጋጋዋን ታገኛለህ።»

ቆፈርሁ። መንጋጋ ወጣ፣ ረጅም፣ ጥርሱ እንደተደረደረ። አያቴ ይህን የሚያህል መንጋጋ ካለው የከብት ግርግም ላይ ነበር የሚበላው ማለት ነው። ሐጂ ሳቁን ጨርሶ ነበር፤ አሁን ፊቴን አየና ቆጣ አለ። «ምነው? ደስ አይልህም? ግመል ነው ብለህ ተናገርና ማሳህን አስመልስ!»

«ሐጂ» አልሁት፣ «ጠጥተነዋል።»

«ማን?»

«ሁላችንም። ደብሩ ሁሉ። እየፋቅን በውኃ።»

ሐጂ አፉን በእጁ ያዘ። እኛ ግመል እንደማንቀምስ ያውቃል። ከመቅመስ አልፎ የነካው ዕቃ እንኳ አይነካም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አሁን እኮ የሰኔ ጾም ላይ ናችሁ» አለኝ። «አዎ» አልሁት። «በጾም፣ ግመል?» አለ። «አዎ» አልሁት። እና ሐጂ ተመልሶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አይ ድረስ! ምነው ሥጋው ሳለ ብትነግሩን ኖሮ፣ እኛ በደንብ አብስለን በጋበዝናችሁ!»

እሱ ይስቅ፤ እኔ ማሰብ ያዝሁ። ግመል ነው ብል ማሳዬ ይመለሳል። ግን አገሩን ሁሉ በጾም ግመል ያጠጣ ሰው እኔ ነኝ። ርኩስ የቀመሰ ሰው ደግሞ ቄደር ይነበብለታል፣ ቄሱ ጸሎት አድርሶ ውኃ ያፈስበታል፣ በሰው ፊት፣ በስሙ እየተጠራ። ይሄን ሁሉ ሰው፣ ሊቀ መንበሩን ሳይቀር፣ እኔ ላሰልፈው? ይገድሉኛል። ዝም ብል ደግሞ በረሃብ እሞታለሁ። ለየሺ ነገርኋት። የሺ መጀመሪያ ወጥታ አፏን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች። ተመልሳም፣ «ነገ ትናገራለህ» አለችኝ። «ያዋርዱኛል» አልኋት። «ከዚህ በላይ ምን ያዋርዱሃል? ዕድሜህን ሙሉ ሲሰድቡህ ኖረው አልሞትህም፤ ገብስ ካጣህ ግን ትሞታለህ፣ እኔንም ትገድለኛለህ» አለች። ቆርጣ ነው የምትናገር፤ ታውቋታላችሁ።

በነጋታው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ድንጋይ ላይ ወጣሁ። «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ» አልሁ፣ «አያቴ ያልሁት ውሸቴን ነው። አጥንቱ የግመል ነው። ይኸውላችሁ መንጋጋው።»

መምሬ ጥሩነህ መንጋጋውን ተቀበሉ፣ አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ቄስ ናቸውና፣ «ግመል ከሆነ ግመል ነው። እንግዲህ የጠጣ ሁሉ ነገ ጠዋት እዚህ ይምጣ፤ ቄደር ይነበብለታል» አሉ። ከዚያም ሕዝቡን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ማን ማን ነው የጠጣ?» አሉ።

ልጆቼ፣ ያን ቀን ባያችሁ! መኮንን መጀመሪያ፣ «እኔ ለማየት ብቻ ነው የሄድሁት» አለ። ጢሙ ላይ የአጥንት ዱቄት ያየሁበት ሰው ነው! ያቺ የመጀመሪያዋ ሴትዮ፣ «እኔ ልጄን አጥቤበት ነው እንጂ አላጠጣሁትም» አለች። አንዱ፣ «እኔ ለአህያዬ ነው የወሰድሁት» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «እኔ ጀሪካኑን ይዤ የሄድሁ ለጎረቤቴ ነው» አለ፤ ጎረቤቱ አጠገቡ ቆሞ፣ «እኔ ላንተ መስሎኝ» አለው። ሊቀ መንበሩ ጌጡ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ኮሚቴው በኮሚቴነቱ አልጠጣም» አለ።

«እና ማንም አልጠጣም?» አሉ መምሬ።

«ማንም!» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ። በቅዳሴ ላይ እንደዚያ አስተባብረው ተቀብለው አያውቁም።

ታዲያ እኔ ድንጋዩ ላይ እንደቆምሁ፣ «እኔ ጠጥቻለሁ» አልሁ። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ በንቀት አየኝ! «ወይኔ አያ ድረስ፣ በጾም!» አለችኝ ያቺ ሴትዮ።

ላስቲኩስ አትሉኝም? ላስቲኩን ጌጡ ሊተወው ፈልጎ ነበር። «ግመልም ቢሆን ታሪካዊ ነው፤ ሰሌዳ ይተከልበት፣ ታሪኩ ይጻፍበት» አለ። ይሄኔ ሕዝቡ ተንቀጠቀጠ። ሰሌዳ! ከደብረ ታቦር ወደ እብናት የሚወርደው መኪና ሁሉ ቆሞ የሚያነበው፣ የቀጨሞ ጊዮርጊስ ሰዎች በጾም ግመል የጠጡበት ቦታ! መኮንን ወደ ጌጡ ጆሮ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ነገረው፤ ምን እንዳለው አልሰማሁም፣ ጌጡ ግን ፊቱ ተለዋወጠና፣ «በመሆኑም አቅጣጫው ተቀይሯል» አለ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስወጣ ማሳዬን አየሁ። ዓይኔን አሸሁ። አሥራ አንድ ጥማድ በሬ! ላስቲክ የለም፣ ችካል የለም። አጥንቱን ከነመንጋጋው አርቀው ቀብረውታል። አገሩ ሁሉ ወርዶ ያርሳል፣ ዘር ከየቤቱ አምጥቶ ይበትናል፣ ጅራፍ ይጮኻል። ለኔ አዝነው እንዳይመስላችሁ። ቦታው እንዳይታወቅ ነው! በሦስት ሳምንት ውስጥ ገብስ ከለበሰ ማን ያገኘዋል? መኮንን በሁለት ጥማድ ነው የመጣ። «ደህና አደርህ» ስለው ቀና አላለም። እኔ ማሳዬን ልዝራበት ብዬ ስለምን የነበርሁ ሰው፣ እጄን ሳላነሳ እስከ ረፋድ ማሳዬ ተዘርቶ አለቀ።

እኔ ቄደር ሄድሁ። መምሬ ማሰሮውን ሞልተው፣ መጽሐፋቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ግቢው ባዶ ነው። አነበቡልኝ፣ ያን የሰኔን ቀዝቃዛ ውኃ ከአናቴ አፈሰሱብኝ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ አሉኝ። አመስግኜ ልወጣ ስል፣ «ድረስ፣ ቆይ» አሉኝ። ወደ በሩ አዩ። ወደ ማሳው አዩ። ሰው የለም። ከዚያ ጥምጣማቸውን ፈቱና አስያዙኝ።

«መምሬ፣ አንቱም?»

«ዝም ብለህ አፍስስ» አሉኝ፣ «ወጉ ይሄ አይደለም፤ ሌላ ደብር ሄጄ ሥርዓቱን አስፈጽማለሁ። ለጊዜው ግን አፍስስ።» ጎንበስ አሉልኝ፤ አፈሰስሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ ተንቀጠቀጡ። እኔ ያን ቀን መምሬን ከመውደዴ የተነሣ አልቅሼ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ሁሉ የዚህ ነገር ወሬ የለም። ግመል የሚል ሰው የለም፤ ዔናቅ የሚል ሰው የለም። ሐጂ ሰይድ ገበያ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሰማዩን ያያል። እኔን ግን ፊት ነሱኝ፤ የጠጣሁ እኔ ብቻ ነኛ! ሴቶቹ ዋንጫ ሲሰጡኝ እንኳ ለብቻው ነው። እንዴት እንዳንገበገበኝ!

ታዲያ ኅዳር ገባ፣ የገብስ አጨዳ ደረሰ፣ ደቦ ጠራሁ። ይቀራሉ ስል ሁሉም መጡ፣ ማጭዳቸውን ይዘው ገቡ። ገብሱ ደግሞ፣ ይህን ያህል ጥማድ የዞረበት ማሳ ነውና፣ እንደዚያ ያለ ገብስ በዕድሜዬ አላየሁም። መኮንንን እንኳ እስከ ደረቱ ዋጠው። እያጨደ እያጨደ መጣና አንዱን ዛላ ከራሱ ጋር አስተያይቶ፣ ረስቶት ነው መቼም፣ ጮክ ብሎ፣ «ኧረ ይሄ ገብስ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የረዘመ?» አለ።

ደቦው ማጭዱን አቆመ። ሁሉም እኔን አዩኝ። እኔም ከገብሱ ውስጥ ሆኜ፣ አልታይም እኮ፣ ድምፄ ብቻ ነው የሚሰማ፣

«አንተ የጠጣኸውን ጠጥቶ ነው» አልሁት።

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ማጭዱን ጥሎ፣ ሆዱን ይዞ ነዶው ላይ ወደቀ። ያቺ ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ ብታስርም አልቻለችም። ጌጡም ሳቀ፣ በኮሚቴነቱ ይሁን በግሉ አላውቅም። ያን ቀን አጨዳው ሳያልቅ መሸ፤ አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይጀምራል፣ «እኔ እኮ ሁለት ጀሪካን!» «እኔ ለአማቴ ሁሉ ልኬያለሁ!» እያለ፣ በማግሥቱም ጊዮርጊስ ግቢ ሄዳችሁ ብታዩ፣ መምሬ ማሰሮ ቢሞሉ ቢሞሉ ውኃው አልበቃ ብሏቸው፣ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ነበር።